ተማሪው ልጄና የጓዳዬ ባልዲ

ልጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ የላካችሁ እናቶች፣ የ2012 ዓ.ም. መጋቢትን እንደማትረሱት እርግጠኛ ነኝ። በወሩ በ4ኛው ቀን የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ብዙም ሳይቆይ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ወደየቤታቸው ሸኙ። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የነበረው ልጄም ሻንጣውን አንጠልጥሎ ከች አለ። እንደ ሌላው አገር በር ተቆልፎ ከቤት አትውጡ ባንባልም፣ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መሥሪያ ቤቴም አብዛኛውን ሠራተኛ ቤት አዋለ።

መጀመሪያ ያስደነገጠኝ የልጄ አበላል ነው። እንጀራውን ይከምራል፣ አቀርቅሮ ይጎርሳል፣ እኔ ሁለተኛ ጉርሻዬን ሳልውጥ እሱ ይነሣል፤ ትሪው ላይ ግማሽ እንጀራ ይቀራል። በምሳ ሰዓት ይተኛል፤ እኩለ ሌሊት ላይ ጓዳ ገብቶ ኢንዶሚ ይቀቅላል።

«አንተ ልጅ፣ ማን ያባርርሃል?» ብለው ሳቀ።

«እማዬ፣ ካፌ የለመደ እንዲህ ነው» አለኝ። ካፌ የሚሉት የግቢውን መመገቢያ አዳራሽ ነው። ሰልፉ ረጅም፣ ሰዓቱ የተወሰነ ነው፤ ያረፈደ ጦሙን ይውላል። ድጋሚ ስለማይገኝ የተሰጠውን ሁሉ ተቀብሎ፣ የቻለውን በልቶ፣ የተረፈውን በርሜል ውስጥ ደፍቶ መውጣት ነው። ሦስት ዓመት እንዲህ የኖረ ልጅ በሦስት ቀን ይለወጣል ብሎ መጠበቅ የእናት ሞኝነት ነው። እኔ ግን ጠበቅሁ፤ በየማዕዱም ተቆጣሁ። «ጤፍ በስንት ብር እንደገባ ታውቃለህ?» ማለት የዕለት ጸሎቴ ሆነ።

አንድ ቀን መልስ ሰጠኝ። «እማዬ፣ ለሰባት ቀን ከጓዳችን የሚጣለውን ሁሉ ለይተን እናጠራቅም፤ ከዚያ ትቆጪኛለሽ» አለ። ሁለት ባልዲ አመጣ፤ አንዱ ለምግብ፣ ሌላው ለፌስታልና ለፕላስቲክ። በሰባተኛው ቀን ጓሮ ወስዶ አሮጌ ጋዜጣ ላይ ገለበጣቸው።

የእሱ ግማሽ እንጀራዎች ነበሩበት፤ አልካደም። ከሥራቸው ግን የእኔ ወጡ። እንጀራ በሦስተኛው፣ በአራተኛው ቀን እንደሚሻግት ከእናቴ የተማርኩ ሰው፣ ነገ ምን ይመጣ ይሆን በሚል ፍርሃት ለሳምንት የሚሆን ጋግሬ ነበርና ሰባት እንጀራ አረንጓዴ ሻጋታ ለብሷል። ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ዝንጅብል ከኮሮና ያድናል ተብሎ ዋጋው የናረበትን ሰሞን ታስታውሳላችሁ? ከተሻሙት አንዷ ነበርኩ። ሎሚው ድንጋይ ሆኗል፤ ዝንጅብሉ በስብሷል። ከሌላው ባልዲ ሠላሳ አንድ ፌስታል ቆጠረ። አንዱንም እሱ አላመጣውም፤ ገበያ የምወጣው እኔ ነበርኩ።

አልተሳለቀብኝም። «ይህ ሁሉ የሚሄደው ቆሼ ነው» አለ እንጂ። ቆሼን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። የምግብ ትራፊ አየር አጥቶ ሲበሰብስ ሜቴን የሚባል ተቀጣጣይ ጋዝ እንደሚወጣው የነገረኝም ልጄ ነው። (ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ የጸደቀው ከአምስት ዓመት በኋላ በ2017 ዓ.ም. ነው። እኛ እናቶች ግን አዋጅ ሳንጠብቅ ዘንቢላችንን ባንጥል ኖሮ ምን ነበረበት?)

ይበልጥ ያቃጠለኝ ግን ሌላ ነው። ኮሮና ገባ በተባለ ሳምንት፣ በየቅዳሜው ልብስ የምታጥብልንን ሴት «ይህ ነገር እስኪያልፍ አትምጪ» ብያት ነበር። ሌሎች ደንበኞቿም እንዲሁ ብለዋታል። በፋሲካ ሰሞን ልጄ ማዕድ ለማጋራት ዱቄትና ዘይት ከሚያከፋፍሉት ወጣቶች ጋር ሆኖ ሲሠራ፣ ከሰልፉ መካከል አያት። «እትዬ ደኅና ናቸው?» ብላ ጠየቀችው። ማታ ይህን ሲነግረኝ ባልዲው አጠገቤ ነበር፤ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። በማግስቱ የቀረችባትን ሳምንታት ደመወዝ በእሱ እጅ ላክሁላት። ተቀብላ «መቼ ልምጣ?» ስትል ላከችብኝ። ከግንቦት ጀምሮ ጭምብል አድርገን፣ እሷ ጓሮ እኔ በረንዳ ሆነን፣ ሥራዋን ቀጠለች።

አሁን ሊጡን በልክ አቦካለሁ። የተረፈው እንጀራ ሳይሻግት ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆናል፤ ሌሊት የሚርበው ልጄም በዚያው ፍርፍር መሥራት ተማረ። የሽንኩርትና የድንች ልጣጩን ከአፈርና ከደረቅ ቅጠል ጋር እያፈራረቀ ጓሮ ቀበረና በክረምቱ ጎመን ተከለበት። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈራችን እጅ የታጠብንበትንም በሳፋ አጠራቅሞ መጸዳጃ ቤት ይደፋው ነበር። የእናቴም ዘንቢል ከቁም ሣጥን ላይ ወረደ።

በ2013 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ሲጠራቸው «ካፌ ስትገባስ?» አልኩት። «ትንሽ አድርጉልኝ እላቸዋለሁ» አለ። ለሌሊቱ ድርቆሽ ቋጠርኩለት። ዛሬ ተመርቆ ሥራ ይዟል። እሑድ እሑድ ሊጠይቀኝ ሲመጣ አሁንም ሁለተኛ ጉርሻዬን ሳልውጥ ይነሣል፤ ትሪው ላይ ግን የሚቀር የለም።