ጳጉሜ፣ ከመነዳሪ እና ጉደር

ዛሬ ሩፋኤል አይደል? ዘነበ። ጎማ ተራ ያለ ልጅ ሁሉ ልብሱን አውልቆ ወጣ፤ የራጉኤሉም የአንዋሩም፣ ጭቃው ላይ ማን ከማን እንደሆነ አይለይም። አንዲት እናት ፌስታል ራሷ ላይ አጥልቃ «ተዉአቸው፣ የሩፋኤል ጠበል ነው» አለች። ወዲያው የራሷ ልጅ ቦዩ ውስጥ ሲንቦጫረቅ አየችውና ጠበሉን ረስታ ጫማዋን አውልቃ ተከተለችው።

ልጽፍ የተነሳሁት ግን ስለሱ አይደለም። ዝናቡ ሳያባራ ሦስት ጎረምሶች ጎረቤቴ ሱቅ መጥተው ያገለገለ ከመነዳሪ ጠየቁ። የጭነት መኪና፣ ትልቁን።

«ጋሼ፣ ይሄ ስንት ሰው ይችላል?»

«አይሱዙ ከነጭነቱ የቻለ እናንተን ያቅተዋል?»

«ነገ ጉደር ልንወርድ ነው። ፏፏቴው አሁን ነው አሪፍ የሚሆነው።»

«ዋና ትችላላችሁ?»

«ኧረ ጋሼ! ብንችልማ ከመነዳሪ ምን ያደርግልናል?»

ሁላችንም ሳቅን። ሸጡላቸው፣ ነፍተውም ሰጧቸው። ልጆቹ እንደ ዋንጫ ከፍ አድርገው ይዘውት ሲሄዱ ሳቄ ሳያልቅ ሆዴን ባር ባር አለው።

እስቲ የመርካቶ ልጅ ዋና የት ይማር? የድሮዎቹ «እኛ ቀበና ዋኝተን ነው ያደግነው» ይሉናል። ዛሬ ቀበና ዋኝቼ መጣሁ የሚል ልጅ ቢኖር እናቱ በቀጥታ ሐኪም ቤት ነው የምትወስደው። በእኛ በኩል ያለው ታናሹ አቃቂም ከገፈርሳ በኩል መጥቶ የከተማውን ምዕራብ እያቋረጠ የፋብሪካውንም የመጸዳጃውንም ፍሳሽ ተሸክሞ ነው የሚወርደው። አሁን የወንዝ ዳር ልማት አለ፣ እውነትም ዳሩ አምሯል። ዳሩ። ውሃው ውስጥ ግን ማንም ልጁን አይነክርም። እናም ለከተማ ልጅ ወንዝ ማለት ድልድይ ላይ አፍንጫ ተይዞ የሚታለፍ ነገር ሆነ፤ ገንዳ ማለት ደግሞ ሆቴል ነው፣ ሆቴል ማለት የአባቱ የሳምንት ገቢ ነው። 

ይልቅ ስለ ፏፏቴ ካነሳን የቆየ ቂም አለብኝ። እናንተ ጢስ ዓባይን መጀመሪያ ያያችሁት የት ነው? እኔ አንድ ብር ላይ ነው። ከ1969 ጀምሮ የነበረው ኖት፣ ፊቱ ላይ የልጅ ምስል፣ ጀርባው ላይ ወፎችና ፏፏቴው። የአጎቴ ሱቅ ውስጥ ማታ ማታ አንድ አንድ ብሩን መቶ መቶ እያደረግኩ ማሰር የኔ ሥራ ነበር፤ የማስርበትም ላስቲክ ከከመነዳሪ የተቆረጠ ነው። በርበሬ የሸተተ ጢስ ዓባይ፣ ናፍጣ የነካው ጢስ ዓባይ፣ መሐሉ በፕላስተር የተለጠፈ ጢስ ዓባይ። አጎቴ «ኖቱን በአንድ ፊት ደርድረው» ስለሚለኝ ፏፏቴውን ሁሌም ወደ ላይ አደርገው ነበር። አንድ ቀን አየዋለሁ እያልኩ አደግኩ።

አየሁት። ባሕር ዳር ለሠርግ ሄደን፣ በግንቦት። ባለቤቴን፣ አማቼን፣ ልጆቹን ሁሉ ጭኜ 30 ኪሎ ሜትር ያንን መንገድ ወሰድኳቸው። መንገድ ላይ አፌ አላረፈም፦ ከፍታው 40 ሜትር ገደማ ነው፣ ሲሞላ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል፣ ጢሱ ከሩቅ ይታያል። ደረስን። ከጥቁሩ ገደል ላይ አንድ ጥግ ይዞ የሚወርድ ቀጭን ውሃ አለ። አማቼ ነጠላቸውን አስተካክለው ዝም ብለው ቆዩና «ዋናው የታለ ልጄ?» አሉኝ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ድረስ የሆነ ነገር ከመጠን በላይ ሳሞግስ «እንደ ፏፏቴው ነው?» ትለኛለች።

ምክንያቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ1956 የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ መጣ፣ ከፏፏቴው በላይ ካለው ውሃ ትንሽ ቆንጥሮ። በ1993 ሁለተኛው ተጨመረ፣ 73 ሜጋ ዋት፤ ያኔ ቁንጠራው ቀርቶ እፍኝ ሆነ። በ2002 ደግሞ በለስ መጣ፤ እሱማ ፏፏቴው ጋ እስኪደርስ እንኳን አይጠብቅም፣ ውሃውን ከጣና ላይ ተቀብሎ በዋሻ ወደ ሌላ ሸለቆ ይወስደዋል፣ 460 ሜጋ ዋት። አንድ ብሩም ሳንቲም ሆነ፤ ገልብጣችሁ እዩት፣ 2002 ነው የሚለው። ፏፏቴው የለበትም። ሚዛን ነው ያለበት። ለመርካቶ ነጋዴ ሚዛን ይገባዋል ብለው ይሆናል። እኔ መብራት ለሀገር ካገኘን አልቀየምም፣ ጨለማ ውስጥ ፏፏቴ ምን ይሠራል። ብቻ ይህን የምጽፈው መብራት ጠፍቶ፣ በስልኬ ባትሪ መሆኑን መዝግቡልኝ።

ምን ነበር የምለው? አዎ፣ ልጆቹ።

ጢስ ዓባይ በክረምትና በመስከረም ይመለሳል፤ ያንን ያየ ሰው ቀጭኑን ይረሳል። ነገሩም እዚህ ላይ ነው። ፏፏቴ የሚያምርበት ወቅትና ወንዝ ሰው የሚበላበት ወቅት አንድ ነው። ፎቶው የሚያምረው ውሃው ስለሞላ ነው። ልጆቹ «አሁን ነው አሪፍ የሚሆነው» ያሉት ልክ ናቸው፣ ለዓይን። ፏፏቴ ሥር ያለ ውሃ ይሽከረከራል፣ የያዘውን ወደ ታች ይጎትታል፤ አረፋ ስለሆነ ዋናተኛውን እንኳን በደንብ አያንሳፍፈውም። ደፍርሷልና ድንጋዩ አይታይም። እናንተ ያላችሁበት ፀሐይ ወጥቶ ደጋው ላይ ከዘነበ ደግሞ ደራሹ ሳታስቡት ይመጣል። ከመነዳሪ መሪም ፍሬንም የለውም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት ሰዎች ወንዝ ዳር ሲኖሩ ነው ያሉት።

በየክረምቱ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ኮሚሽን «ወላጆች ልጆቻችሁን ከወንዝና ውሃ ካቆረ ጉድጓድ ጠብቁ» ይላል። በየክረምቱ ጠላቂ ዋናተኞቹ የሆነ ወጣት አስከሬን አወጡ የሚል ዜና እንሰማለን፤ ብዙ ጊዜ «ለመዋኘት ገብቶ» ይላል። ነፍስ ይማር ብለን ወደሚቀጥለው ቪዲዮ እናልፋለን።

አያቶቻችን «ቀትር ላይ ወንዝ አትውረድ፣ ጋኔን አለ» ሲሉን እንስቅ ነበር። አሁን ሳስበው ያ ጋኔን ደመወዝ ያልተከፈለው የነፍስ አድን ሠራተኛ ነበር። ስንት ልጅ አትርፏል! ዘመናዊ ሆንንና ጋኔኑን አሰናበትነው፣ በቦታው ግን ሰው አልቀጠርንም።

የወንዙን ጠባይ የሚያውቀው የሚያጥብበትና ከብት የሚያጠጣበት ሰው ነው። አክሊሉ ለማን አስታውሱ፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ፣ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ማለት ነው፤ ዓለም ያወቀው ምርምር ከዚያ ተነሳ። ሊቁ ሰውዬ ወንዝ ዳር ቆመው አጣቢዎቹን አይተዋል። እኛ ግን አውቶቡስ ተከራይተን ወርደን፣ ድምፅ ማጉያ ከፍተን፣ ዳር ላይ የተቀመጠውን እረኛ «አንተ ልጅ፣ ከካሜራው ዞር በል» እንላለን። ያ ልጅ እኮ ነው የትኛው ጋ እንደሚጠልቅ፣ የትኛው ጋ ባለፈው ዓመት ሰው እንደሄደ የሚያውቀው። አዋሽ ፏፏቴ ሥር አዞ እንዳለም የዚያ አካባቢ ሰው ነው የሚነግራችሁ፤ ጎማ ተራ የሚነግራችሁ የለም።

ስለዚህ ሂዱ፣ እዩ፣ ጢሱ ፊታችሁን ያርጥበው፤ ማንም አይከለክላችሁም። መግባት ያማረው ግን ወንዙ ጎድሎ እስኪጠራ ይጠብቅ፣ ያኔም እረኛውን ይጠይቅ። ደግሞ አዲስ ከተማ ውስጥ የአንድ ነጋዴ ልጅ፣ የአንድ ወዛደር ልጅ፣ የአንዲት ጉሊት ቸርቻሪ ልጅ በሚከፈል ዋጋ ዋና የሚማርበት ቦታ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ። የሆቴል ዋጋ እንዳትልኩልኝ፣ እሱን አውቀዋለሁ።