ላት ያላት በግ

ባለፈው ሳምንት የለጠፍኳትን የበግ ፎቶ አይታችሁ «ቲቸር፣ ከየት ነው የገዟት?» ብላችሁ በውስጥ መስመር ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፦ አልተገዛችም። በኪሮሽ የተሠራች ናት። የሠራኋትም እኔ ነኝ። አዎ፣ በዚያው ጠመኔ ሲይዝ በምታውቁት እጄ። ሳቃችሁን ጨርሱና ወደ ነገሩ እንግባ።

ባለቤቴን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ለማትሪክ ልትዘጋጁ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታችን ስትመጡ ሻይና ዳቦ ታቀርብላችሁ የነበረችው ናት። ያኔ ቤታችን ውስጥ ዳንቴል ያለበሰችው ነገር እንዳልነበረም ታስታውሳላችሁ። ቴሌቪዥኑ፣ ሬዲዮው፣ የሶፋው መደገፊያ፣ የስልኩ ጠረጴዛ፣ ሌላው ቀርቶ የውሃ ጆጉ እንኳ ዳር ዳሩ ዶቃ የተንጠለጠለበት ክዳን ነበረው። «ትንሽ ቆሜ ከቆየሁ እኔንም ታለብሰኛለች» እያልኩ እቀልድ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መታት። ተመስገን፣ ንግግሯ ተመለሰ። እግሯም በከዘራ ይሄዳል። ቀኝ እጇ ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ ኪሮሹን የምትይዝበት እጅ። ከሆስፒታል በወጣች በወሩ ክሯንም መርፌዎቿንም በፌስታል አስጠቅልላ «ለሚጠቀምበት ሰው ስጠው» አለችኝ። እሺ አልኩና ቁምሳጥን ላይ ሰቀልኩት። ከዚያ በኋላ ስለ ኪሮሽ በቤታችን አልተነሳም። ዳንቴሎቹ ሲታጠቡ እንኳ ፊቷን ታዞራለች።

ዘንድሮ ልጃችን ዋሽንግተን ወለደች። የመጀመሪያ የልጅ ልጃችን ነው። በዘመዱ፣ በጎረቤቱ፣ በማኅበርተኛው ሁሉ ለተወለደ ሕፃን ኮፍያና ካልሲ ስትሠራ የኖረች ሴት፣ የራሷ ደም ሲወለድ ባዶ እጇን ተቀመጠች። ሦስት ቀን ምንም አላለችም። በአራተኛው ማታ እራት ላይ «ይሄ ልጅ ከእጄ አንድ ነገር ሳይደርሰው ሊያድግ ነው?» አለች። ለእኔ ይሁን ለግድግዳው አላወቅኩም።

ወንበር ላይ ወጥቼ ፌስታሉን አወረድኩት። «አንቺ ተናገሪ፣ እኔ ልሥራ» አልኳት።

«መምህር፣ አንተ እኮ ቁልፍ መትከል አትችልም» አለችኝ። (መምህር የምትለኝ ስታሾፍ ነው፤ ስትቆጣም ነው።) ግን ፌስታሉን አልመለሰችውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ወሬው ሰፈር ሲደርስ አንድ ጎረቤቴ «እንዴ ጋሼ፣ ወንድ ልጅ ኪሮሽ?» አለኝ። እኔም «የለበስከውን ጋቢ ማን ሸመነው?» አልኩት። ሽሮ ሜዳ መወርወሪያ ሲወረውር የሚውለው ማን ነው? ወንድ አይደል? ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል፤ አባቶቻችን ከክር ሲሸሹ አልኖሩም። ኪሮሽ ደግሞ ቃሉም ዕቃውም ከፈረንጅ የመጣ ነው፤ በፈረንሳይኛ «ትንሽ መንጠቆ» ማለት ነው። ዳንቴልም ከዚያው ነው፣ «ጥርስ» ከሚለው ቃል የወጣ፤ ዳሩ ጥርስ ጥርስ ስለሚመስል። ታዲያ መንጠቆ የሴት፣ የወንድ አለው እንዴ?

ዳንቴልና አሻንጉሊት ግን አንድ አይደሉም። ዳንቴል በቀጭን የጥጥ ክር፣ በቀጭን የብረት ኪሮሽ ይሠራል፤ ውበቱ ቀዳዳው ነው። አሻንጉሊት ወፈር ባለ ክር፣ ሦስት ሚሊ ሜትር አካባቢ በሆነ ኪሮሽ ይሠራል፤ ቀዳዳ ደግሞ ጠላቱ ነው፣ የሞላችሁበት ነገር አፈትልኮ ይወጣላ። ስለዚህ ክሩ ከሚፈልገው ኪሮሽ ቀጠን ያለውን ይዞ ጠበቅ አድርጎ መሥራት ነው። ጃፓኖች ሥራውን አሚጉሩሚ ይሉታል፤ መሥሪያውንና በውስጡ የተሞላ አሻንጉሊትን የሚገልጹ ሁለት ቃላት ተጋጥመው ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚጠራበት ስምም ይኸው ነው።

አያያዙን ስታስተምረኝ «እንደ ጠመኔ ያዘው» አለችኝ። አርባ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው መምህር እንዲህ ካልተነገረው በምን ይገባዋል?

አጀማመሩ እንዲህ ነው። ክሩን ጣታችሁ ላይ ጠቅልላችሁ ቀለበት ታደርጋላችሁ። በቀለበቷ ውስጥ ስድስት ቤት ትሠራላችሁ (እሷ እያንዳንዷን ስፌት ቤት ነው የምትላት)። ከዚያ የክሩን ጭራ ስትስቡት መሃሉ እንደ እንቡጥ ይዘጋል። በሁለተኛው ዙር እያንዳንዷ ቤት ላይ ሁለት ሁለት ትሠሩና 12 ይሆናል። ቀጥሎ 18፣ ከዚያ 24፣ 30፣ 36። በየዙሩ ስድስት ስድስት ይጨመራል። እንደ ጠመዝማዛ ስለሚሄድ ዙሩ የት እንደጀመረ አይታይም፤ መነሻው ላይ መርፌ ቁልፍ ይሰካበታል።

እዚህ ስደርስ ኪሮሹን አስቀመጥኩና «ለምን ስድስት?» አልኳት።

«ስድስት ስለሆነ ነዋ!» አለች። «እናቴም ስድስት ነው ያለችኝ።»

ተማሪዎቼ፣ እኔን ታውቁኛላችሁ፤ ይሄ መልስ ያስተኛኛል? ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ነገሩ ግን ዘጠነኛ ክፍል የተማራችሁት ነው። የክብ ዙሪያ ሁለት ፓይ ሬዲየስ ነው። አንድ ዙር በጨመራችሁ ቁጥር ሬዲየሱ በአንድ ቤት ቁመት ያድጋል፤ ስለዚህ ዙሪያው በሁለት ፓይ ቁመት ማደግ አለበት። ሁለት ፓይ ስንት ነው? 6.28። አጭሯ ቤት ደግሞ ቁመቷና ወርዷ ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ በየዙሩ ወደ ስድስት ቤት መጨመር ግድ ነው! እጥፍ በሚረዝመው ቤት ስትሠሩ ሬዲየሱም በእጥፍ ያድጋልና 12 ትጨምራላችሁ። ጠዋት ቁርስ ላይ ይሄን በወረቀት አሳየኋት። በዝምታ አየችውና «እሱን ለማወቅ ነው ያልተኛኸው?» አለችኝ።

ከስድስት ካነሳችሁ ሥራው ጎድጓድ ይላል፣ ሳህን ይሆናል። መጨመሩን ጨርሳችሁ ካቆማችሁ ግድግዳው ቀጥ ይላል። ካበዛችሁ ደግሞ ዳሩ እንደ ጥቅል ጎመን ቅጠል ይሸበሸባል። ይሄ ሦስተኛው ቀልድ አይደለም። ዳይና ታይሚኛ የምትባል ላትቪያዊት የሒሳብ ሊቅ አሜሪካ፣ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ሃይፐርቦሊክ የሚባለውን ጠፈፍ ያላለ ወለል በኪሮሽ ሠርታ አሳየች። የሦስት ማዕዘን የውስጥ ማዕዘኖች ድምር ከ180 ዲግሪ የሚያንስበት ወለል ነው። ከዚያ በፊት በወረቀት ሲሠራ ቶሎ እየተቀደደ ያስቸግር ነበር። እኛ ቤት ግን ባለቤቴ ዳሩን አብዝታ እየሠራች፣ በስኳር ውሃ እያደረቀች፣ ቴሌቪዥን ላይ ታስቀምጠው ነበር። እኔ ከዚያ ሥር ዜና አያለሁ።

እናቴም ሰፌድ ስትሰፋ ይሄንኑ ነበር የምታደርገው። ከመሃል እንብርት ተነስታ፣ በወስፌ እየወጋች፣ ስንደዶውን በአክርማ እየጠቀለለች ትዞራለች፤ ክቡ ሲሰፋ ስፌቱን ትጨምራለች፣ መሶብ ስትፈልግ መጨመሩን ትቀንሳለች። ፓይ የሚባል ነገር ሰምታ አታውቅም። እኔ ሰሌዳ ላይ አርባ ዓመት ልሞላ ስጽፈው የኖርኩትን እሷ ምድጃ ዳር ተቀምጣ ትሠራው ነበር።

ወደ በጓ ልመለስ። ልጄ ከኢንተርኔት አሠራሩን ላከችልኝ። ስናየው ፈረንጅ በግ ነው። ክብ ገላ፣ ጥቁር ፊት፣ ጭራው ደግሞ የጥጥ ፍሬ የምታክል ኳስ። ባለቤቴ ስልኩን አራቅ አድርጋ አየችና «ይሄ ምንድነው? ላቱስ?» አለች።

«ጭራ አለው እኮ» አልኳት።

«ይሄ ጥንቸል ነው። ላት የሌለው በግ እኔ አላውቅም። ልጁ በግ ምን እንደሚመስል ከዚህ ነው የሚማረው?»

መንዝ ነው ያደገችው፤ በበግ ነገር ከእሷ ጋር ክርክር አይገባም። የመንዝ በግ ላቱ አጭርና ወፍራም ነው፣ ጫፉ ወደ ላይ ቀልበስ ይላል። ጠጉሩ በርኖስና ዝተት የሚሆን ነው። ያን ላት ለማውጣት አራት ማታ ፈጀን። በወረቀት የተጻፈ አሠራር የለውማ። እሷ ዓይኗን ጨፍና «ሰፋ… ሰፋ… አሁን ያዝ… አሁን ቀንስ» ትላለች፣ እኔ እሠራለሁ፤ «አይደለም፣ ፍታው» ትላለች፣ እፈታለሁ። የኪሮሽ ደግነቱ ይሄ ነው፤ ክሩን ጎተት ስታደርጉት ያለ ጠብ ይፈታል። በመጨረሻ ከስድስት እስከ 18 አስፍተን፣ ጥቂት ዙር እንዳለ ሄደን፣ ቶሎ ቶሎ ቀንሰን ጫፉን በመርፌ ወደ ላይ ሰፋነው። ቀለሙም በእሷ ምርጫ ዳለቻ ሆነ። «ነጭ ይቆሽሻል፤ ደግሞ ዳለቻ በግ ደስ ይለኛል» አለች።

ዓይኑ ላይም ተነጋገርንበት። ገበያ ላይ ከኋላው የሚቆለፍ የፕላስቲክ ዓይን አለ፣ ያምራል። ግን ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይመከርም፤ ነክሶ ካወጣው ጉሮሮው ላይ ይቀራል። ዶቃና ቁልፍማ የባሰ ነው። ስለዚህ ዓይኑን በጥቁር ክር ጠለፍነው። ልጄ ደግሞ «እስከ አንድ ዓመቱ አልጋው ውስጥ አይገባም፣ እዚህ ሐኪሞቹ ይከለክላሉ» ብላናለች። ይሁን፣ መደርደሪያ ላይ ሆና ትጠብቀው።

መሙያው ቀረ። እኔ ባዘቶ ይሁን አልኩ፣ የአገር ጥጥ ነው ብዬ። እሷ እምቢ አለች። ባዘቶ ሲታጠብ ይቋጠራል፣ ለመድረቅም ቀናት ይፈጃል፤ ልጄ ደግሞ ማሽን ውስጥ ነው የምትወረውረው። የትራስ ፋይበር ከመርካቶ ገዛሁ።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ይሄን ሁሉ ያስጻፈኝ ነው።

ፊዚዮቴራፒስቷ እንድትጨብጠው የጎማ ኳስ ሰጥታት ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። «እንደ ሕፃን ኳስ ልጫወት?» ትላለች። እኔም ብዙ አልገፋኋትም፤ አንገቷን ደፍታ ስትሞክር ማየቱ ለእኔም ከባድ ነበር። የበጓን ገላ ልሞላ ስቀመጥ ግን «አንተ ትጠቀጥቀዋለህ፣ ድንጋይ ታደርገዋለህ፣ አምጣ» ብላ ነጠቀችኝ። በግራ እጇ ፋይበሩን ትንሽ ትንሽ እየዘነጠለች፣ በእርሳስ ጀርባ እየገፋች ትሞላለች። ገላው እየተንሸራተተ አስቸገራት። ቀኝ እጇን አምጥታ ላዩ ላይ ጣል አደረገችው፤ እንደ ዕቃ ክብደት። በነጋታውም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን እግሮቹን ስትሞላ፣ የቀኝ አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ እግሯን ቆንጠጥ አድርገው ይዘው አየሁ። ቆንጠጥ! ኪሮሼን ይዤ ቀረሁ።

ቀና ሳትል «አትየኝ፣ ቁጠር» አለችኝ።

ስንተኛው ቤት ላይ እንደነበርኩ ጠፍቶኝ ከመርፌ ቁልፉ ጀመርኩ።

እጇ ዳነ አላልኳችሁም። ሐኪሟም እንደዚያ አላለም። ብርጭቆ አሁንም በግራ ነው የምትይዘው። ጎማው ኳስም እዚያው ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ባለፈው ድመቷ ስትጫወትበት አየኋት። ግን ፌስታሉ ወደ ቁምሳጥን አልተመለሰም፣ ሶፋው አጠገብ ነው። ትናንት ደግሞ «ለበጓ ግልገል ያስፈልጋታል» የሚል ነገር ሰምቻለሁ።

ሳልረሳው፦ ከእናንተ መካከል አንዷ ይሄን ሥራ ለመተዳደሪያ እንደያዘችው ነግራኛለች፤ ገዢው «ለአሻንጉሊት ይሄን ያህል?» እያለ እንደሚያስመርራት። አንዲት መካከለኛ ኳስ፣ 36 ላይ ደርሳ፣ ሰፊውን ዙር ስድስት ጊዜ ሄዳ፣ መልሳ እስክትዘጋ 432 ቤት አላት፤ ቁጠሩት። ይሄ ጭንቅላቱ ብቻ ነው። ገላው፣ አራት እግር፣ ሁለት ጆሮ፣ ላት፣ ከዚያ ሁሉንም ማያያዝ አለ። እኔ ቀርፋፋ ነኝና የእኔን ሰዓት አልነግራችሁም፤ ፈጣን እጅ እንኳ የሁለት ቀን ሥራ ነው። ስለዚህ ከፋብሪካ ከወጣው ጋር እያወዳደራችሁ አትከራከሯት። ክርክር ከፈለጋችሁ እኔ አለሁ፣ ፓይን ይዤ እመጣለሁ።

በሉ፣ አሁን ጉዳይ አለኝ። በዚህ ወር ወደ ዋሽንግተን ዲሲ የሚሄድ ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ዕቃው አንዲት በግ ናት፤ ቀላል ናት፣ የእጅ ሻንጣ ኪስ ይበቃታል። በርበሬም ሽሮም አልጨምርም፣ ቃሌ ነው። ባለቤቴ ግን «ላቷ እንዳይጨፈለቅ» ብላለች።