የአምስት ሰው ማደሪያ

ታላቅ እኅቴ ወደ አሜሪካ አገር ከተሻገረች 19 ዓመት ሆኗታል። እኔን በሕፃንነቴ አዝላ ያሳደገችኝ እርሷ ናት። በ2016 ዓ.ም. ክረምት የዓመት ፈቃዴን ተቀብዬ ቨርጂኒያ ወደሚገኘው ቤቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በደረስሁ ጊዜ፣ ቤተ ሰቡ በአንድ ጉዳይ ሲሟገት አገኘሁት። የ17 ዓመቷ ልጇና የ14 ዓመቱ ወንድሟ፣ ትምህርት ቤት ሳይከፈት በፍሎሪዳ ኦርላንዶ አጠገብ ወዳለው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ወደሚባለው የመዝናኛ ስፍራ ሊሄዱ ተስፋ ተሰጥቷቸዋል፤ ነገር ግን የት ይታደራል? ልጅቱ በሚመጣው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ስለምትገባ፣ አራቱ አብረው የሚጓዙት ምናልባት ለመጨረሻ ጊዜ ነው። እኔ ስመጣ አራቱ አምስት ሆኑ፤ ችግሩም ከዚያ ተጀመረ።

ስፍራውን ያላየ አንባቢ፣ ለአንድ ማደሪያ ይህን ያህል ክርክር ምንድር ነው ይል ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ዋልት ዲዝኒ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1955 በካሊፎርኒያ የመጀመሪያውን መናፈሻ ሲከፍት፣ በዙሪያው ያለውን መሬት ሌሎች ሰዎች ይዘው የእንግዳ ማረፊያ ሠሩበት። በዚህ የተቆጨው ሰው በፍሎሪዳ 11,000 ሄክታር ያህል መሬት ገዢው ማን እንደ ሆነ ሳይታወቅ አስገዛ። እርሱ በ1966 ሞተ፤ ስፍራው በ1971 ሲከፈት ሁለት ሆቴሎች አብረው ተከፈቱ፤ ዛሬ ግን ከ20 በላይ ናቸው። ስለዚህ ማደሪያ መምረጥ ማለት ዋጋን፣ ርቀትንና መጓጓዣን አንድ ላይ መምረጥ ነው።

ልጁ ከሁለቱ ከቀደሙት አንዱን፣ ኮንቴምፖራሪ የተባለውን፣ ያዘ። ምክንያቱም በአንድ ሐዲድ የሚሄደው ባቡር በሕንፃው ሆድ ውስጥ አልፎ ስለሚሄድ ነው። እኅቴ አኒማል ኪንግደም ሎጅን መረጠች፤ በዚያ ሰው ከሰገነቱ ላይ ሆኖ ቀጭኔና የሜዳ አህያ ሲግጡ ያያል። እኔ ቀጭኔ በዐይኔ አይቼ የማላውቅ ሰው ነኝና፣ ከአፍሪካ ተነሥቶ ለቀጭኔ ፍሎሪዳ መሄድ ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ እንዴት ይነገራል ብዬ ብቻዬን ሣቅሁ።

ባሏ ግን ወረቀትና እርሳስ ይዞ ተቀመጠ። ከስፍራው ውጭ ያለ ማደሪያ ይረክሳል፤ ነገር ግን ከውጭ የሚመጣ ሰው መኪናውን ለማቆም ያን ጊዜ በቀን 30 ዶላር ይከፍላል፤ በፀሐይና በዝናም መመላለሱም አለ። ለመግቢያውም ዕድሜው 10 ዓመት የሞላው ሁሉ እንደ ዐዋቂ ነው የሚከፍለው። ልጁ ይህን ሲሰማ፣ «ስትከፍሉልኝ ዐዋቂ ነኝ፤ ስትመርጡ ግን ሕፃን ነኝ?» አለ። አባቱ መልስ አልሰጠውም፤ እኔም በልጁ ቦታ ብሆን ይህንኑ እጠይቅ ነበር።

ርካሾቹ ሆቴሎች ውስጥ ያለው ተራ ክፍል ለ4 ሰው የተሠራ ነው። ሁለት ክፍል ተይዞ እኔ በአንዱ ልደር አልሁ። እኅቴ ተቆጣች። «ወንድሜን ከ19 ዓመት በኋላ አግኝቼ ከሌላ በር ኋላ አላስተኛውም!» አለች። ያን ጊዜ ልጅቱ ቀስ ብላ ከማዕድ ተነሥታ ወጣች።

ተከትያት በረንዳ ላይ አገኘኋት። «አጎቴ፣ አንተን ጠልቼ አይደለም፤ የሚዘጋ በር ስለ ፈለግሁ ነው» አለችኝ። አማርኛዋ የተሰበረ ነበር፤ ነገሩ ግን ግልጽ ነበር። እኔና እናቷ በልጅነታችን ከሁለት ወንድሞቻችን ጋር በአንድ መደብ፣ ባንድ ጋቢ ሥር ተኝተን ነው ያደግነው። ይህንን ልነግራት አፌን ከፈትሁና ተውሁት። እኛ አንድ ላይ የተኛነው ሌላ መኝታ ስላልነበረን ነው እንጂ ማንም አማርጦን አልነበረም። ደግሞስ ይህች ልጅ እኔን የምታውቀኝ በስልክ ድምፅ ነው።

ተመልሼ ለእኅቴ፣ «እትዬ፣ ልጅቱ እውነት አላት፤ እኔም ብሆን ከእንግዳ ሰው ጋር ማደር ያሳፍረኛል» አልኋት። «እንግዳው ማነው?» አለች። «እኔ ነኝ» አልሁ። ብዙ ቆየች፤ ከዚያም ዐይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ያን ሌሊት ወደ ሆስፒታል ሥራዋ የሄደችው ሳትሰናበተኝ ነው።

በማግሥቱ ባሏ አርት ኦፍ አኒሜሽን በተባለው ሆቴል ለ6 ሰው የተሠራ የቤተ ሰብ ክፍል አገኘ። መኝታ ቤቱ የራሱ በር አለው፤ መታጠቢያ ቤቱ ሁለት ነው፤ በሳሎኑ ውስጥ የሚዘረጋ ሶፋ አለ፤ በቀን የምግብ ጠረጴዛ የሆነውም ማታ አልጋ ይሆናል። ስካይላይነር የሚሉት በሽቦ ላይ የሚሄድ መጓጓዣ ከደጁ ተነሥቶ ወደ ሁለቱ መናፈሻዎች ያደርሳል፤ ልጁም ስለ ባቡሩ የነበረውን ኀዘን በዚህ ረሳ። ምድጃ የለውም፤ ትንሽ ማቀዝቀዣና ምግብ የሚያሞቅ ማይክሮዌቭ አለ። ጊዜው ፍልሰታ ስለ ነበረ ይህ ለእኅቴ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ምስር ወጧንና እንጀራዋን ከቤት አሰናድታ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ይዘን ሄድን።

በሩ ያለው ክፍል እንደ ልማዱ ለባልና ሚስት መሆን ነበረበት። ባሏ ግን ትራሱን ይዞ ወደ ሳሎን ወጣ። «እናትና ልጅ ይግቡበት» አለ። ልጅቱ፣ በሩን አገኘሁ፤ እናቴም አብራ ተጨመረችበት ብላ ሣቀች።

በሁለተኛው ቀን ከቀትር በኋላ መብረቅ መጣና ስካይላይነሩ ቆመ፤ በአውቶቡስ ተመልሰን በጊዜ ተኛን። ልጁ በጠረጴዛው አልጋ ላይ፣ እኔና አባቱ በሶፋው ላይ ነበርን። እኩለ ሌሊት ገደማ ስነቃ ከተዘጋው በር ኋላ ድምፅ ሰማሁ፤ ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ። እኅቴ ስለዚያ መደብ ታወራ ነበር፤ ማን በዳር ማን በመካከል እንደሚተኛ፣ ጋቢውን ማን እንደሚስብ። ልጅቱ ትጠይቃለች፤ እርሷ ትመልሳለች። ባሏም ነቅቶ ኖሮ በጨለማው ውስጥ፣ «ስንት ዓመት ሌሊት ስትሠራ፤ እንዲህ አውርተው አያውቁም» አለኝ፤ ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዞረ።