ወተቱ የጠፋ ቀን

ሁሌ የናንተን አነባለሁ፣ ዛሬ ደሞ የራሴን ልጻፍ። ፊደል ብስት አትፍረዱብኝ፣ ከ10ኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት።

ዶሃ ከገባሁ አመት ሊሞላኝ ነበር። በፈረንጆች 2017 ሰኔ 5፣ ረመዳን ላይ። ማዳም ስልኳን ይዛ እየጮኸች ኩሽና ገባች። ሳዑዲ፣ ኤምሬትስ፣ ባህሬንና ግብፅ ከኳታር ጋር ተቆራረጡ አለች። ኳታር በመሬት ያላት በር አንድ ብቻ ነው፣ በሳዑዲ በኩል። እሱም ተዘጋ። ሱፐርማርኬት ስንሄድ ሰው በውሃና በሩዝ ይጋፋል፣ የወተቱ መደርደሪያ ባዶ። ለካ በየቀኑ ፍሪጅ ውስጥ የምደረድረው ወተት በዚያ በር ነበር የሚመጣው። ያን ሁሉ ፎቅ የሰራ ሀገር ወተቱ በሰው እጅ!

ግን ብር አላቸው። በቀናት ውስጥ የቱርክ ወተት በአውሮፕላን ገባ። ጽሑፉን ማንበብ አቅቶኝ ለልጆቹ ጨው ያለው እርጎ ቀድቼ ተቆጡኝ። ሐምሌ ላይ ደሞ ላሞች በአውሮፕላን መጡ። ለእናቴ ስነግራት «ልጄ፣ ሙቀቱ ነካሽ እንዴ?» አለችኝ።

ከሁሉ የገረመኝ ጋዙ ነው። የኳታር ጋዝ በባህር ስር በቱቦ ወደ ኤምሬትስ ይሄዳል፣ ለመብራታቸው ይፈልጉታል። በዚያ ሁሉ ጠብ መሀል አልተቋረጠም። የዘጋውም የተዘጋበትም ይፈላለጋሉ ማለት ነው።

ማታ ተኝቼ ስለራሴ አሰብኩ። የ11 ወር ደሞዜ «ይጠራቀምልሽ» ተብሎ ማዳም ጋር ነው። ስልኬ የሚሰራው በሷ ዋይፋይ ነው፣ ስትቆጣ ታጠፋዋለች፣ ያን ቀን እናቴን አላገኛትም። የኔም በር አንድ ነው፣ ቁልፉም እሷ ጋር። ግን እኔስ አንድ ቀን ብታመም የቤቱ ስራ ቀጥ ይል የለ?

አንድ ቀን ቡናዋን ስትጠጣ «ማዳም፣ ደሞዜን በየወሩ በእጄ ስጪኝ» አልኳት። ሳምንት አኮረፈችኝ። የ8 ወሩን ሰጠችኝ፣ የ3ቱ ወር እንደወጣ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ግን በየወሩ እቀበል ጀመር። መጀመሪያ የገዛሁት ሲም ካርድ ነው።

እነሱ በ2021 ጥር ታረቁ፣ በሩም ተከፈተ። ኳታር ግን ላሞቿን አልሸጠችም፣ እስከ ዛሬ ወተቷን ራሷ ታልባለች።

እህቶቼ፣ ሌላ በር የሚፈለገው አንዱ ሳይዘጋ ነው። ደሞዛችሁን በእጃችሁ ያዙ፣ ሲማችሁ የራሳችሁ ይሁን። ለሀገራችን በሰላም ያብቃን።