«ሾው አፕ» እና ለቅሶ መድረስ

እንግሊዝኛን ከመጽሐፍ ተምሮ አሜሪካ የመጣ ሰው የሚደናቀፈው በረጃጅሞቹ ቃላት ሳይሆን በአጫጭሮቹ ነው። «ሾው» ማሳየት፣ «አፕ» ወደ ላይ። ሁለቱ ሲገናኙ ግን «መጣ»፣ «ብቅ አለ»፣ «ተገኘ» ይሆናሉ። ከክፍል የቀረ ተማሪም «ሾው አፕ አላደረገም» ይባላል።

በመጀመሪያው ዓመቴ አብሮኝ የሚኖረው አሜሪካዊ ልጅ ጥናቱን ክፍል ውስጥ ሊያቀርብ ነበር። «ነገ እገኝልሃለሁ» ልለው ፈልጌ «አይ ዊል ሾው ዩ አፕ» አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። ለካ ሰውየው መሀል ከገባ «በሰው ፊት አሳፍርሃለሁ» ማለት ነው! የጎደለችው «ፎር» ነበረች። «ሾው አፕ ፎር ዩ» ብለው ኖሮ «በሚያስፈልግህ ቀን ከጎንህ አለሁ» ይሆን ነበር። ስቀን አለፍነው።

በዚያው ዓመት፣ በፈተና ሰሞን፣ አያቴ ጎንደር አረፉ። ለቲኬት አቅም አልነበረኝም፤ ቀብራቸውን በስልክ አየሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ልጁ ከክፍል ሲመለስ አየኝና ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ቦርሳውን አስቀምጦ አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «እግዜር ያጥናህ» የሚል ቃል በቋንቋው የለም። «ምን እንደምልህ አላውቅም» ብቻ አለኝ። ሲመሽ ወጥቶ የሁለት ሰው እራት ይዞ ተመለሰ፤ የማግስቱ ፈተና እያለበት እስከ እኩለ ሌሊት አልተነሳም።

ያን ጊዜ ነው ቃሉ የገባኝ። እኛ «ለቅሶ ደረሰ» እንላለን። ሰው ሲጨንቀውም «ድረሱልኝ» ብሎ ነው የሚጣራው። ንግግር ማሳመር አይጠበቅብንም፤ መጥቶ መቀመጥ ይበቃል። ከእንግዲህ «ሾው አፕ ፎር» የሚለውን ተርጉም ብባል «ደረሰለት» እላለሁ።

ይህን ሳስብ ግን አፈርኩ። ከሦስት ወር በፊት የማኅበራችን አንድ ልጅ አባቱ ሲሞቱበት፣ ሁለት ፎቅ ከእኔ በላይ እየኖረ፣ ቴሌግራም ላይ «ነፍስ ይማር» ጽፌ ነበር ያለፍኩት። ጥናት በዝቶብኝ ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር።

ፈተናው ባለቀ ማግስት ዳቦ ይዤ በሩን አንኳኳሁ። «በጣም ዘግይቻለሁ፣ ይቅርታ» አልኩት።

«ግባ እንጂ» አለኝ፤ «ቡና ላፍላ»።