“አልተሳካም” ማለት ምን ማለት ነው?

እስቲ አስቡት፦ አንዱ ደውሎ “ቤት ተቃጠለ!” ይልና የማን ቤት እንደሆነ ሳይናገር ስልኩን ጆሯችሁ ላይ ይዘጋዋል። የብዙ ድራይቨሮች ነገር እንዲህ ነው።

ባለፈው አንድ ክሊኒክ ተጠርተን ሄድን። የደም መመርመሪያው ማሽን ውጤቱን በዩኤስቢ ገመድ ወደ ኮምፒውተሩ መላክ አቁሟል። በሽተኛው ኮሪደሩን ሞልቶታል፤ የላቦራቶሪዋ ልጅ ውጤቱን በእጇ ትገለብጣለች። በእጅ ሲገለበጥ ደግሞ 11.2 የነበረው ሄሞግሎቢን 12.1 ለመሆን ሰከንድ አይፈጅበትም።

ኮምፒውተሩ የሚሠራው በሊኑክስ ነው። የከርነሉን ሎግ ስንከፍት ድራይቨሩ የጻፈው አንዲት ቃል ብቻ፦ “ፌይልድ”። የቱ ዕቃ? ምን ሲያደርግ? ለምን? ጭጭ።

ደግነቱ ኮዱ ክፍት ነው። ገብተን ስናየው የስህተቱን ቁጥር ይቀበልና ይጥለዋል፤ ከዚያ በባዶ “ፕሪንት-ኬ” ያቺኑ ቃል ያትማል። (ቁጥሩ እጁ ላይ እያለ!) በ“ዴቭ-ኤረር” ተካነው፤ እሱ የድራይቨሩንና የዕቃውን ስም ራሱ ከፊት ይለጥፋል። የትኛው እርምጃ ላይ እንደቆመም ጨመርን። ቁጥሩን ደግሞ “ፐርሰንት-ፒ-ኢ” በስሙ ይጠራዋል፤ ይሄ እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው ከርነል 5.5 ጀምሮ ያለ ነገር ነው።

መልሰን ስንጭነው ሎጉ አፍ አወጣ፦ “ኢ-ፕሮቶ”፣ ማለትም 71። 110 ቢሆን ኖሮ “ጠብቄ ጠብቄ መልስ አጣሁ” ማለት ነበር፤ ማሽኑን ራሱን እንጠረጥር ነበር። 71 ግን መስመሩ ላይ ንግግሩ ተበላሸ ነው የሚለው፤ ብዙ ጊዜ ገመድ ወይም መሰኪያ። ገመዱን ቀየርን፣ ሠራ። በቃ።

ይሄን ሲሰማ በየመስመሩ ሎግ የሚዘራ አይጠፋም። እሱም ያው ነው፤ ገበያ መሀል የጠፋ ልጅ እንደመጥራት። ዝርዝሩ በ“ዴቭ-ዲበግ” ይጻፍ፤ ሲፈለግ ብቻ ይበራል። ከ2009 ጀምሮ ባለው “ዳይናሚክ ዲበግ” ደግሞ ኮዱን እንደገና ኮምፓይል ሳያደርጉ ማብራት ይቻላል። በነገራችን ላይ 517ን በቀይ የሚያስጮሁ ድራይቨሮችም ያበሽቁናል። 517 እኮ “የምፈልገው ሌላ ዕቃ ገና አልተነሳም፣ ቆይታችሁ ሞክሩኝ” ነው እንጂ ብልሽት አይደለም! ለእሱም “ዴቭ-ኤረር-ፕሮብ” የሚባል መላ አለ፤ 517 ሲመጣ ድምፁን ይቀንሳል፣ ሌላ ስህተት ሲሆን ብቻ ይጮሃል። ቀጣዩ የምንነካካው ድራይቨር እሱ የጎደለው ነው።