ቤት ልትገዙ ነው? እስቲ መጀመሪያ ክረምቱን ጠይቁት!

መቼም ትዳር ሲታሰብ ሽማግሌ ይላካል። ዘር ማንዘር ይቆጠራል፣ የልጅቷ ጠባይ ከጎረቤት ይጠየቃል፣ የልጁም ኪስ ይታያል። ቤት ሲገዛ ግን ምን እናደርጋለን? ደላላ የደወለልን ዕለት ቀብዱን በኪሳችን ሸጉጠን እንሮጣለን! ይህን የምለው ሰው ልወቅስ ብዬ አይደለም። የሮጥኩት እኔ ራሴ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2014 ዓ.ም. የባለቤቴ ሥራ ወደ ፍኖተ ሰላም ተዛወረ። አዲስ አበባ ላይ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ፍራሽ ስንጎትት ስድስት ዓመት የሞላን ሰዎች ነን። «በቃ፣ እዚያው ቤት ገዝተን እንረፍ» ተባባልን። የዕቁቡ ብር፣ የባለቤቴ የጥሎሽ ወርቅ፣ ከወንድሜ የተበደርኩት... ያለችን ሁሉ ይህችው ናት። ይህች ከተበላች ሌላ የለንም።

ሚያዝያ ላይ ፀሐይዋ ቦግ ባለችበት ቀን ከአውቶቡስ ወረድኩ። ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ 387 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ደብረ ማርቆስንና ደምበጫን አልፋችሁ ነው የምታገኟት። የጥንት ስሟ ወጀት ነበር። በ1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ በዚያ አልፈው፣ «የሰላም መንገድ» ለማለት አዲሱን ስም አወጡላት ይባላል። የምዕራብ ጎጃም ዞን መቀመጫ ናት። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ 26 ሺህ የማይሞላ ሰው ነበራት፤ አሁን ግን በየዳርቻዋ አዲስ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል።

ደላላው መናኸሪያ ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ። «ወንድሜ፣ ዕድለኛ ነህ! ዛሬ የማሳይህን ነገ አታገኘውም» አለኝ። ይቺን ቃል የማያውቅ ደላላ አይቼ አላውቅም!

የመጀመሪያው ቤት አስፋልት ዳር ነው። ፊት ለፊቱን ሱቅ አድርጎ ማከራየት ይቻላል። ልቤ ቅልጥ አለ። ደግነቱ ያን ሌሊት ያደርኩት እዚያው ሰፈር፣ አንዲት አነስተኛ አልጋ ቤት ውስጥ ነበር። እንቅልፍ የት አባቱ! ወደ ባሕር ዳርና ጎንደር የሚያልፈው የጭነት መኪና ሌሊቱን ሙሉ መስኮቱን ሲያንቀጠቅጠው አደረ። ነጋልኝ ስል ደግሞ ማስነጠስ ጀመርኩ። ለካስ ከጎን የበርበሬ ወፍጮ አለ! ፍኖተ ሰላምና ቡሬ የታወቁ የበርበሬ አገር መሆናቸውን ረስቼው ነበር። በርበሬ እወዳለሁ፤ በአፍንጫዬ ሲሆን ግን አይደለም።

ሁለተኛው ቤት ወደ ላህ ወንዝ አቅጣጫ በሚወርደው ረባዳ ሰፈር ነው። ማንጎው፣ አቮካዶው፣ ጥላው... ገነት በሉት! ዋጋውም ከመጀመሪያው በሲሶ ይቀንሳል። «ቀብድ ልጣል?» እያልኩ ኪሴን ስዳስስ አንድ ነገር አየሁ። የውጭው ግድግዳ ከታች እስከ ጉልበት ድረስ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ ያለው አሮጌ ነው። «ይሄ ምንድነው?» አልኩት ባለቤቱን። «ለውበት ነው» አለኝ። በር ላይ ጎማ የሚያሽከረክር ትንሽ ልጅ ግን እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ «አምና ውሃው እዚህ ድረስ ገብቶ ነበር፤ ዶሮዎቻችንን ወሰደብን» ብሎ ዘረገፈው። ባለቤቱ ልጁን ያየው አስተያየት እስካሁን አይረሳኝም።

ላዩን ያማረ፣ ታቹን ዋልካ የሆነ መሬትም ጠንቅ ነው። ጥቁሩ ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ቤቱም አብሮት ያብጣል፣ አብሮት ይሰነጠቃል። መሠረቱ በደንብ ካልተቆፈረና በድንጋይ ካልተሞላ፣ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ግድግዳው ላይ ታገኛላችሁ። ስለዚህ ከቀለሙ በፊት አፈሩን ተመልከቱ።

ሦስተኛው ከከተማው ዳር፣ ከጤፍ ማሳ አጠገብ ያለ ቦታ ነው። ዋጋው ነፃ በሉት። «ካርታው ግን?» ስል፣ «ካርታ በኋላ ይመጣል» ተባልኩ። እዚህ ላይ አንድ የማውቀው ልጅ ትዝ አለኝ። በሌላ ከተማ ዳርቻ ከገበሬ ላይ በእጅ መንሻ ወረቀት ገዝቶ፣ ሌሊት የጨረቃ ቤት አቁሞ ነበር። አንድ ማለዳ አፍራሽ መጥቶ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ቆርቆሮውን አነጠፈለት። ማንን ይክሰስ? የገጠር መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። የከተማ ቦታም ቢሆን ከ1967ቱ አዋጅ ወዲህ የመንግሥት ነው፤ የሚሸጠው ቤቱ እንጂ መሬቱ አይደለም። ካርታ የሌለው ቤት ገዛ ማለት ጭስ ገዛ ማለት ነው።

ደላላው ተስፋ አልቆረጠም። «እንግዲያው ቡሬ እንሂድ!» አለ። እውነቱን ለመናገር ቡሬ ታጓጓለች። ወደ ነቀምት የሚገነጠለው መንገድ የሚነሳው ከእሷ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. የተመረቁት የዘይት ፋብሪካውና የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርኩም ብዙ ሰው ስበዋል። ለነጋዴ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ግን ባለቤቴ የምትሠራው ፍኖተ ሰላም! ከሰላሳ ኪሎ ሜትር ባይበልጥም በየቀኑ ጧትና ማታ በሚኒባስ ሲመላለሱት ዕድሜ ይበላል። ዋጋ የሚጨምር ከተማና እናንተ የምትኖሩበት ከተማ አንድ ላይሆን ይችላል።

ደክሞኝ አንዲት ቡና የሚያፈሉ እናት ዘንድ ቁጭ አልኩ። ታሪኬን ሰምተው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ቤት በሚያዝያ አይገዛም። በሚያዝያማ ሁሉም ሰፈር ያምራል። ቤት የሚገዛ ሰው በሐምሌ ይምጣ!» አሉኝ። ከዚያም ከፍ ካለው ሰፈር፣ የዘመዳቸው ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል በኪራይ አሳዩኝ። ቀብዴን ይዤ ወደ ባለቤቴ ተመለስኩ። ደላላው ተቀየመ፤ ይቀየም!

ከሰኔ እስከ መስከረም እዚያ ክፍል ኖርን። ስንቱን ተማርን መሰላችሁ! የቧንቧ ውሃ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ፣ መብራት ሲጠፋ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ የትኛው ቅያስ ላይ ባጃጅ «ጭቃ ነው፣ አልገባም» እንደሚል አወቅን። አንድ ሌሊት ባለቤቴን ሆዷን ሲያማት ሆስፒታል ለመድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅም አየን። ጎረቤት በር አንኳኩቶ፣ ፋኖስ ይዞ አብሮን የወጣው ያኔ ነው። ዕድር የገባነው በሳምንቱ ነበር። ቤት ሳይኖረን ሰፈር ነበረን ማለት ነው!

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. እዚያው ሰፈር አንድ የጭቃ ቤት ገዛን። አሮጌ ነው፤ ጣራው ያፈስ ነበር። ግን ጣራ ይቀየራል፣ ሰፈር አይቀየርም። ማዘጋጃ ቤት ሄደን ካርታው የሻጩ መሆኑን፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት አጣራን። የሻጩ ሚስትም መጥተው ፈረሙ፤ የባልና ሚስት ቤት በአንድ ፊርማ አይሸጥም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ፣ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛል። ጠጅ ቤት የተፈረመ ወረቀት ለጠብ እንጂ ለቤት አይሆንም።

ዓመት ሳይሞላን ክልሉ ጦርነት ውስጥ ገባ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተማችን መሀል በደረሰው የአየር ጥቃት ከሃያ በላይ ሰው ሞተ። መንገድ ተዘጋ፣ ኢንተርኔት ጠፋ፣ አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ እንደ ውጭ አገር ራቀብን። በእነዚያ ቀናት አስፋልት ዳር ያለው ሱቅ ምን ይጠቅመኝ ነበር? የጠቀመን የጎረቤት ጉድጓድ ውሃ ነው። የጠቀመን በአጥር በኩል የምትቀባበል እንጀራ ናት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለውን እኔ በሆዴ ነው የተማርኩት።

እንግዲህ እናንተ ወጣቶች፣ ደሴም ሆነ ደብረ ብርሃን፣ ሐዋሳም ሆነ ጅማ ቤት የምታዩ ካላችሁ፣ ቤቱን ቀን ብቻ አትዩት፤ ሌሊትም እደሩበት። ከደላላ ይልቅ ሕፃን ጠይቁ። ከግድግዳው ቀለም በፊት የዕድሩን ዳኛ እወቁ። ከተቻለ አንድ ክረምት ተከራይታችሁ ክረሙ። የሦስት ወር ኪራይ ከሰላሳ ዓመት ጸጸት ይረክሳል።

ቡና የሚያፈሉት እናት አሁንም ሲያዩኝ፣ «የሐምሌው ሙሽራ!» ይሉኛል። እኔም ስሙን ወድጄዋለሁ። መልካም ሰፈር ይስጣችሁ!